ዋተርሉ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ሌሊቱን ዘንቦ ያደረ መሬት እስኪደርቅ መጠበቅ ብልህነት ነው ወይስ ፍርሃት? ባለፈው ሰኔ ሜሪላንድ ውስጥ ከምኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ስነሣ ይህ ጥያቄ አብሮኝ አልነበረም። ከብራስልስ ስመለስ ግን ነበረ። ዛሬም መልሱን አላውቀውም፤ ስለዚህ መንገዱን ከመጀመሪያው ጀምሬ እንዳየሁት እጽፈዋለሁ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ማለዳ አሥራ ሁለት፣ እኩለ ቀን ስድስት። ለምን እንደሆነ ኋላ ይገባችኋል።

የተላክሁበት ጉዳይ

ቲቸር ካሳሁን አዲስ አበባ በማታ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምረውኛል። ቀን ቀን ልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራ ስለነበር ትምህርት የጀመርሁት ዘግይቼ ነው፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረስሁት በሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። እሳቸው በሙያቸው የጂኦግራፊ ሰው ናቸው። የታሪክ መምህር ሲጠፋ አንድ ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ተሰጥቷቸው ገቡና ሠላሳ ዓመት እዚያው ቀሩ።

ከትምህርታቸው ሁሉ ተማሪ የማይረሳው ዋተርሉን ነው። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ብራስልስ አጠገብ ለመጨረሻ ጊዜ የተሸነፈበት ጦርነት ነው። ቲቸር ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «ሌሊቱን ምን ሆነ?» ይላሉ። «ዘነበ» እንላለን። «ዘነበች» ይሉና ወደ እኔ ይጠቁማሉ፤ ስሜ ዘነበች ነው። ክፍሉ ይስቃል። ሳቁ እስኪያልቅ ይጠብቁና ይቀጥላሉ። «ሰውዬው ግን መሬቱ እስኪደርቅ አልታገሠም። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መድፉን ጭቃ ውስጥ ነዳው። መድፉ ተያዘ፤ ሰውዬው አለቀለት። እናንተ መሬቱ ሳይደርቅ እንዳትነሡ።»

በዚያ ዓመት ማትሪክ ልፈተን ወይስ አንድ ዓመት ልቆይ ብዬ ጠየቅኋቸው። «መሬትሽ ገና እርጥብ ነው፤ ለከርሞ» አሉኝ። ቆየሁ። በዓመቱ ፋብሪካው የማታ ፈረቃ መደበኝ፤ ከዚያ ሌላ ነገር መጣ፣ ከዚያም ሌላ። የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዬን የወሰድሁት ሜሪላንድ ውስጥ በአርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ይህን ያነሣሁት ለወቀሳ አይደለም፤ በኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ዛሬ ቲቸር ከእኔ ከተማ ብዙም በማትርቀው አሌክሳንድሪያ ከልጃቸው ከሰናይት ጋር ይኖራሉ። ሰማንያን አልፈዋል፤ ግላኮማ ዓይናቸውን ወስዶታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሲልቨር ስፕሪንግ እየሄድሁ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ በላፕቶፕ እጽፋለሁ። የመጽሐፋቸው ርዕስ «መሬቱ ሲደርቅ» ነው። ለእንቁጣጣሽ የድሮ ተማሪዎቻቸው ሲሰበሰቡ ታትሞ ሊደርስ ታስቧል። የጎደለው የመጨረሻው አንቀጽ ብቻ ነበር።

«የዘንድሮ ዕረፍትሽን ምን ልታደርጊበት ነው?» አሉኝ አንድ ቅዳሜ።

«ቤቴ ቁጭ ብዬ ላነብበት ነው።»

«ንባብ በቃሽ። ዋተርሉ ሂጂ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳው ላይ ቁሚና ብርሃኑን፣ ጭቃውን ንገሪኝ፤ መጽሐፉን በእሱ እንዘጋዋለን። እኔ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ሳላየው ነው። አሁን ብሄድም ያው ነው።»

እንዲህ ሲሉ እምቢ የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም።

መነሻ

ወደ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የወሰደችኝ ሰናይት ናት። ነርስ ናት፤ መኪና ስትነዳም እንደ ነርስ ነው፣ ረጋ ብላ ግን ሰው እያዘዘች።

«ዘኑ፣ ዳዲ ከዚህ ቡክ ሌላ ምንም የለውም እኮ» አለችኝ። «ጠዋት ሲነሣ የሚያወራው ስለ እሱ ነው። ፕሊዝ፣ ስትመለሺ ኤዲት ምናምን ብለሽ ስትረስ እንዳታደርጊው። ያለውን ታይፕ አድርገሽ ፊኒሽ እናድርገው።»

«ነጠላ ሰረዝም አላርምም?»

«እሷን አርሚ። ካላረምሽ አንቺ ትታመሚያለሽ።»

አውሮፕላኑ ማታ ተነሥቶ በነጋታው ጠዋት ብራስልስ አወረደኝ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው መንገዱን ሁሉ ተኛ። እኔ የቲቸርን አሥረኛ ምዕራፍ፣ የዋተርሉን፣ ሁለት ጊዜ አነበብሁ፤ ሦስት የፊደል ግድፈት አገኘሁ።

ብራስልስ

ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ መሀል ከተማ በባቡር ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ዝናብ እያካፋ ነበር። ከባቡር ጣቢያው በእግር ወርጄ ታላቁ አደባባይ ደረስሁ። አራቱም ጎኑ በረጃጅም የድንጋይ ቤቶች የተከበበ ነው፤ ድሮ የዳቦ ጋጋሪዎች፣ የጠማቂዎች፣ የጀልባ ነጂዎች ማኅበራት የየራሳቸውን ቤት ሠርተው ጫፉን በወርቅ ቀለም አስጊጠውታል። በሙያ ማኅበር እንዲህ ያለ ቤት መሥራት እንደሚቻል አላስብም ነበር። በፋብሪካችን የነበረው ማኅበር አንድ ክፍልና ሁለት አግዳሚ ወንበር ነበረው።

ሁሉም ሰው የሚያየውን የሚሸና የነሐስ ሕፃንም አየሁ። ቁመቱ ከክንዴ ብዙም አይበልጥም። ፊቱ የቆመው ሰው ሁሉ ስልኩን ከፍ አድርጎ ስለያዘ ሕፃኑን ያየሁት በሌላ ሰው ስልክ ውስጥ ነው። ከዚያ በጥቅል ወረቀት የሚሸጥ የድንች ጥብስ በአራት ዩሮ ተኩል ገዝቼ፣ በረንዳ ሥር ቆሜ በላሁ። ሁለት ጊዜ ነው የሚጠብሱት፤ ውስጡ ለስላሳ፣ ውጩ ደረቅ ነው። በእጅ ይበላል ብዬ ሳስብ ትንሽ የእንጨት ሹካ ሰጡኝ።

ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን የመንገዱ ስም ሰሌዳ ነው። እያንዳንዱ መንገድ ሁለት ስም አለው፤ አንዱ በፈረንሳይኛ፣ አንዱ በደች። ሁለቱ አንዳንዴ ፈጽሞ አይመሳሰሉም። በዚሁ ምክንያት ባቡር አመለጠኝ። ወደ ጦር ሜዳው የሚወስደው ባቡር ብሬን-ላሉ የሚባል ጣቢያ ላይ ነው የሚቆመው። ሰሌዳው ላይ ያን ስም ስፈልግ አይገንብራክል የሚል ባቡር ከፊቴ ሄደ። መረጃ የምትሰጠዋን ሴት ጠየቅኋት።

«እሱ ነበር የእርስዎ ባቡር» አለችኝ። «ሁለቱም አንድ ከተማ ናቸው። አንዱ በእነሱ፣ አንዱ በእኛ።»

«የእናንተ የትኛው ነው?»

«እንደ ቀኑ ነው» አለችና ሣቀች።

ማስታወሻዬ ላይ «ስሙን በሁለቱም ቋንቋ አለማጣራቴ የእኔ ጥፋት ነው» ብዬ ጻፍሁ። ያን ዕለት የጻፍሁት ዓረፍተ ነገር በነጋታው እንደሚያሳፍረኝ አላወቅሁም።

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

ያደርሁት ከሜዳው አጠገብ ባለ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ባለቤቲቱ ጎህ ሳይቀድ እንደምወጣ ስነግራት፣ ቁርስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት እንደሌለ በእጇ አስረዳችኝ፤ ቢሆንም የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ ክፍሌ በር ላይ አስቀምጣልኝ አገኘሁ።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ለቲቸር እንዴት እንደምነግራቸው እያሰብሁ ደስ አለኝ፤ ዝናቡ ልክ እንደ ትምህርታቸው በሰዓቱ መጥቷል። አስፋልቱን ትቼ በእርሻ መሀል ባለው መንገድ ገባሁ። በግራ ስንዴ፣ በቀኝ ድንች ነው። ወደፊት፣ ጫፉ ላይ የብረት አንበሳ የቆመበት ትልቅ ጉብታ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ፀሐይ ወጣች። ማስታወሻዬን አውጥቼ ጻፍሁ፦ ብርሃኑ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ላይ የሚሄድ ይመስላል። ስንዴው ላይ ውኃ አለ። ጭቃው ቡናማ ነው፤ አያንሸራትትም፣ ይይዛል፤ እግሬን ሳነሣ ጫማዬ ከኋላዬ ይቀራል። ወፍ ከፍ ብላ ትዘምራለች፣ አትታይም።

አንድ ገበሬ በአሮጌ መኪና መጥቶ ድንቹ ዳር ቆመ። ስልሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ቦት ጫማው እስከ ጉልበቱ ነው። ውሻው ቀድሞ መጥቶ አሸተተኝ። ሰውዬው በሚበቃው እንግሊዝኛ አናገረኝ።

«ጠፍተው ነው?»

«አልጠፋሁም። ጦርነቱ በተጀመረበት ሰዓት ሜዳውን ለማየት ነው የመጣሁት።»

የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«እንግዲያው ወንበር ያስፈልግዎታል» አለኝ። «ገና ስድስት ሰዓት ይቀራል።»

«ስንት?»

«ስድስት። ኢለቨን ሠርቲ ነው የተጀመረው። አሁን ፋይቭ ሠርቲ ነው።»

ስድስት የምትለዋን ቁጥር ከእኛ ሰው በቀር እንደዚያ የሚሰማት የለም። ውጭ አገር ስንኖር በየቀኑ የምንቀንሳት፣ የምንደምራት እሷን ነው። ቲቸር የያዙት ቀጭን መጽሐፍ ጦርነቱ የተጀመረው ጠዋት ኢለቨን ሠርቲ ላይ ነው ብሎ ነበር። በእኛ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ማለት ነው። እሳቸው ግን አሥራ አንድ ተኩልን እንዳለ አሥራ አንድ ተኩል አድርገው ወሰዱት፤ ጠዋት ስለሚል ደግሞ ንጋት ሆነ። እኔስ? በሐኪም ቤት መዝገብ ክፍል ስሠራ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። አንድ መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደተሰጠ አጣርቼ መመዝገብ ሥራዬ ነው። ያቺን ሰዓት ግን አንድ ቀን እንኳ አላጣራኋትም። አስተማሪዬ ነግረውኛላ።

«እስከዚያ ድረስ ምን ያደርግ ነበር?» አልሁት ገበሬውን፤ ንጉሠ ነገሥቱን ማለቴ ነው።

«መሬቱ እስኪደርቅ ይጠብቅ ነበር።» ቦቱን በእንጨት እየፋቀ ነበር። «እኔ ራሴ እንዲህ ባለ ቀን ከረፋዱ በፊት ትራክተር አላስገባም። መድፍማ እንዴት ይገባል?»

«ታዲያ መጠበቁ ልክ ነበራ?»

«ለመሬቱ ልክ ነበር።» በእንጨቱ ወደ ምሥራቅ አመለከተኝ። «በዚያ በኩል ግን የጠላቱ አጋር ጦር እየመጣ ነበር። እነሱ መሬቱ እስኪደርቅ አልጠበቁም። ጭቃውን እያቦኩ መጥተው ማታ ላይ ደረሱበት።»

«እርስዎ ቢሆኑስ?»

«እኔ ድንች ነው የምተክለው» አለኝ። «ድንቹ ማንም አይመጣበትም።»

ውሻውን ጠርቶ ሄደ። እኔ እንቁላሌን ቆሜ በላሁ።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል

ሙዚየሙ ሲከፈት ገብቼ ገበሬው ያለውን ሁሉ አጣራሁ። የሰማሁትን ሁለት ቦታ ሳላይ አላምንም፤ አሁን ደግሞ ሦስት ቦታ አየሁት። ጦርነቱ የተጀመረበትን ደቂቃ የሚጽፉት ይለያያሉ፤ ንጋት ላይ ነው የሚል ግን አንድም የለም። ዝናቡ እውነት ነው፣ ጭቃው እውነት ነው። ሰውዬው ግን የተሸነፈው ስለቸኮለ ነው የሚል አላገኘሁም። ስለዘገየ ነው የሚሉ ግን አሉ።

ሁለት መቶ ሃያ ስድስቱን ደረጃ ቆጥሬ ወደ አንበሳው ወጣሁ። ጉብታው በጦርነቱ ጊዜ አልነበረም፤ በኋላ ከዚያው ሜዳ አፈር ተዝቆ የተከመረ ነው። ለመታሰቢያው ሲሉ የሚታሰበውን ቦታ ራሱን ቀይረውታል። ከላይ ሲታይ ሜዳው ትንሽ ነው። እዚህ ላይ ያን ያህል ሺህ ሰው እንዴት እንደተዋጋ አልገባኝም።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ወርጄ ጠዋት የቆምሁበት ቦታ ሁለተኛ ቆምሁ። ፀሐዩ ከብዶ ነበር። ጫማዬ ላይ የቀረው ጭቃ ደርቆ በጣቴ ስነካው ረገፈ። መሬቱን በተመለከተ ንጉሠ ነገሥቱ አልተሳሳተም። እኔም በሃያ አምስት ዓመቴ በእንግሊዝኛ ደካማ ነበርሁ፤ ያን ዓመት ብፈተን እወድቅ ይሆናል። ብወድቅ ደግሞ በዓመቱ እንደገና እፈተን ይሆናል። ከእነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የትኛው እንደሚከብድ እዚያ ቆሜ መመዘን አልቻልሁም። ለሰናይት ቸኮሌት ገዝቼ በሚቀጥለው ቀን ተመለስሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ

በመጀመሪያው ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ስሄድ ቲቸር ጉንፋን ይዟቸው ነበር። «ብርሃኑስ?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። ማስታወሻዬን አነበብሁላቸው። ጫማዬ ከኋላዬ ይቀራል የሚለው ላይ እያሳላቸው ሣቁ። «አየሽ? አላልኩም?» አሉ። የመጨረሻውን አንቀጽ በዚያው ነገሩኝ፣ ጻፍሁት። የነገርኋቸው ሁሉ ያየሁት ነው። ያልነገርኋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሰናይት ቤት ስለነበረች በእሷ ፊት ላነሣው አልደፈርሁም። በሦስተኛው እሳቸው ደስ ብሏቸው ስለነበር ደስታቸውን ላበላሽ አልፈለግሁም። ቤቴ ቁጭ ብዬ ሰዓቱን ብቻ ዝም ብዬ ላርመው አሰብሁ። አይሆንም፤ ሰዓቱ ከታረመ ምዕራፉ ይገለበጣል፤ ምዕራፉ ከተገለበጠ የመጽሐፉ ርዕስ ይወድቃል። እንዳለ ይታተም ደግሞ ብል፣ አንብቦ የሚያውቅ አንድ ተማሪያቸው በእንቁጣጣሽ ግብዣ ላይ በሰው ፊት ያነሣዋል። ሰናይት ኮል አድርጋ ፋይሉ ሰኞ ለማተሚያ ቤት እንደሚላክ ነገረችኝ።

አሌክሳንድሪያ፣ ቅዳሜ

አራተኛው ቅዳሜ ነበር። ቀኑ ጥሩ ስለነበር ቲቸርን ክንዳቸውን ይዤ ወደ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ወረድንና ውኃው ፊት ለፊት ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ ከፈትሁ። የሰዎች ጫጫታ፣ የጀልባ ደወል ይሰማል። እሳቸው ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው ፊታቸውን ወደ ፀሐይ መልሰዋል።

«ቲቸር፣ አሥራ አንድ ተኩል አልነበረም» አልኋቸው።

«ምኑ?»

«ጦርነቱ የተጀመረበት ሰዓት። መጽሐፉ ኢለቨን ሠርቲ ነው ያለው። በእኛ አምስት ተኩል ነው። ስድስት አልቀነስንም።»

በአውራ ጣታቸው ሌሎች ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ሲነኩ አየሁ፤ ይቆጥሩ ነበር።

«ረፋድ ላይ?»

«ረፋድ ላይ።»

«እስከዚያስ?»

«መሬቱ እስኪደርቅ ይጠብቅ ነበር። ሲጠብቅ ሌላው ጦር ደረሰበት።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት፤ መልሰው አደረጉት።

«ይህን ስታውቂ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«አራት ሳምንት ሊሆነኝ ነው።»

«ምን ትጠብቂ ነበር?»

ወደ ውኃው አየሁ። ውኃው ላይ አንዲት ጀልባ እየዞረች ነበር።

«ማትሪክ ልፈተን ወይ ብላ የጠየቀችኝ አንዲት ልጅ ነበረች» አሉ። «የፋብሪካዋ ልጅ። አንቺ ነሽ?»

«ሌላም ጠይቆዎት ይሆናል።»

«አንቺ ነሽ። አሁን ነገሩን ስትነግሪኝ ያው ድምፅሽ ነው፣ ወለሉን እያየሽ የምታወሪው። ጠበቅሽ?»

«ጠበቅኩ።»

«ስንት ዓመት?»

«አሥራ ስምንት።»

ይቅርታ አላሉኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ ሁለት እጃቸውን እላዩ ላይ ደራረቡ። ክፍል ውስጥ ጠመኔውን ሲያስቀምጡ ያደርጉ እንደነበረው ትከሻቸውን ቀና አደረጉ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ተማሪ እጁን አላወጣም» አሉ። «አንቺ እንኳ። ነጠላ ሰረዝ የማይቀርሽ አንቺ እንኳ።»

«ከሥራ ደክመን ነበር የምንመጣው፣ ቲቸር።»

«እኔም ደክሞኝ ነበር የምመጣው።» ፈገግ አሉ። «በይ፣ ያንን ምዕራፍ አጥፊው።»

«ሁሉንም?»

«ዝናቡን ተይው። ዝናቡ እውነት ነው አላልሽም? ከዝናቡ በኋላ ያለውን አጥፊ።»

አጠፋሁት። ከ«ሌሊቱን ዘነበ» በታች ገጹ ነጭ ሆነ። የሚሉትን ለመጻፍ ጣቶቼን ፊደሎቹ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ጀልባዋ ዞራ ጨርሳ ደወሏን ደወለች።

«ጻፍሽ?»

«እርስዎ እስኪናገሩ እየጠበቅኩ ነው።»

«አትጠብቂኝ፣ ዘነበች» አሉ። «ሜዳው ላይ የቆምሽው አንቺ ነሽ።»

ጻፍሁ።